ጥይትና ቀልሃ፦ በአንድ የእጅ ሥራ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ሂስ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በቃሉ ባዕድነት ወይም በግእዝ መሠረቱ ላይ ነው። የሥራ መመሪያ በሚተረጐምበት ጊዜ ግን ከዚህ የሚቀድም መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ስያሜው የሠራተኛውን እጅ በትክክል ይመራል ወይስ ያሳስታል የሚለው ነው። ለዚህ ማሳያ የሚሆነን የተተኰሰን የናስ ቀልሃ አጽድቶ መልሶ የመሙላት ሥራ ነው። ሥራው በተለይ በአሜሪካ በዒላማ ተኳሾችና በአዳኞች ዘንድ በየቤቱ የሚከናወን ሲሆን፣ የእንግሊዝኛውን መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በየአንቀጹ የስያሜ ችግር ይገጥመዋል።

ቀዳሚው ችግር «ጥይት» የሚለው ቃል ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገር ጥይት ሙሉውንም ዕቃ፣ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚመታውንም ክፍል ያመለክታል። «ጥይት መታው» ሲባል ይህ አሻሚነት ማንንም አይጐዳም። ነገር ግን ስለ ባዶው ቀልሃ የተነገረው ቃል «ጥይቱን አጥበህ በምድጃ አድርቅ» ተብሎ ቢተረጐም፣ ባሩድ ያለበትን ጥይት ከእሳት የሚያገናኝ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጥይት ለሙሉው ዕቃ ብቻ ተወስኖ፣ ክፍሎቹ አረር፣ ባሩድ፣ ቀልሃና መለኮሻ ቢባሉ ይመረጣል። ሦስቱ በሕዝብ አፍ ያሉ ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው «መለኮሻ» ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግሡ ነው። «ዳግም ማጉረስ» ለእንግሊዝኛው ቃል የቅርብ አቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአማርኛ የሚጐርሰው ጠመንጃ ነው፤ የሚጐርሰውም ጥይት ነው። «ዳግም አጉርስ» የተባለ አንባቢ መሣሪያውን ለመተኰስ ያዘጋጃል እንጂ በባዶ ቀልሃ ባሩድ አይጨምርም። «ቀልሃ መልሶ መሙላት» ረዘም ቢልም አያደናግርም።

ሦስተኛው የጽዳቱ ቃላት ናቸው። ማጽዳትና መወልወል አንድ አይደሉም። ጽዳት ጥላሸትንና አሸዋን ያስወግዳል፤ እነዚህ ካልተወገዱ የመሙያውን ቅርጽ ማውጫ ይፍቃሉ፣ በቀልሃው ላይ ያለውንም ስንጥቅ ይሸፍናሉ። መወልወል ግን ብርሃን ይጨምራል እንጂ ለተኩሱ የሚፈይደው የለም። ቀልሃዎቹ የሚንከባለሉበትን በርሜል እንግሊዝኛው «ተምብለር» ይለዋል፤ ይኸው ቃል የመጠጫ ብርጭቆም ስም ስለ ሆነ ተርጓሚ ሊሳሳት ይችላል። አብሮ የሚጨመረውን ነገር «ሚዲያ» ይለዋል፤ ይህም እንዳለ ከተወሰደ የእኛን አንባቢ ወደ ጋዜጣና ራዲዮ ይወስደዋል። «ማንከባለያ» እና «መፈግፈጊያ» ይበቃሉ። መፈግፈጊያው ፍሬው የተፈለፈለለት የበቆሎ ቆሮቆንዳ ወይም የዋልነት ቅርፊት ተፈጭቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋልነትን «ለውዝ» ማለት ግን ብዙውን አንባቢ ኦቾሎኒ ያስፈጨዋል። ከደረቅ መፈግፈጊያ የሚነሣውም ብናኝ ከመለኮሻው የቀረ እርሳስ ስለሚኖርበት፣ ተራ «አቧራ» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

«ማሞቅ» የሚለውም ቃል ለብቻው አደገኛ ነው። የታጠበ ቀልሃ በለዘብተኛ ሙቀት ይደርቃል። ከፍ ያለ ሙቀት ግን ናሱን ያለዝባል፤ የለዘበ መቀመጫ ደግሞ የባሩዱን ግፊት አይችልም። ስለዚህ «ማድረቅ» እና የቀልሃውን አንገት ብቻ የሚመለከተው «ማለዘብ» ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው።

የማዕድኑ ስም የራሱ ጣጣ አለው። ናስና ነሐስ ከዓረብኛው «ኑሓስ» ጋር ዝምድና አላቸው፤ የዓረብኛው ቃል ግን መዳብን ያመለክታል። በሙያ ጽሑፍ መዳብ ለንጹሑ ማዕድን፣ ናስ ለመዳብና ለዚንክ ቅይጥ፣ ነሐስ ለመዳብና ለቆርቆሮ ቅይጥ ሊወሰኑ ይገባል። የቀልሃ ናስ 70 በመቶ ያህል መዳብ፣ 30 በመቶ ያህል ዚንክ ነው፤ ይህም ቅይጥ አንድ የታወቀ ጠላት አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት በሕንድ የብሪታንያ ጦር በዝናብ ወቅት በፈረስ ጋጣ ያስቀመጣቸው ጥይቶች ቀልሃቸው ተሰነጣጥቆ ተገኘ። መንሥኤው ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞንያ፣ ናሱ ሲቀረጽ በውስጡ ከቀረው ውጥረት ጋር መገናኘቱ እንደ ሆነ ሙርና ባልደረቦቹ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አስረዱ። እንግሊዝኛው ጉዳቱን «የወቅት ስንጥቅ» በሚል ስም ያውቀዋል። ይህን ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ የስሙን ታሪክ እንጂ አደጋውን አያስተላልፍም። «የአሞንያ ስንጥቅ» ቢባል ግን፣ አሞንያ ያለበት የቤት ማጽጃ ለቀልሃ እንደማይሆን ስሙ ራሱ ያስጠነቅቃል።

እነዚህን ሁሉ በውሰት ቃላት መገላገል ይቻላል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ውሰት ነውር አይደለም፤ የፈረንሳዩን «ፉዚል ግራ» ሕዝባችን «ውጅግራ» ብሎ የራሱ አድርጎታል። ነገር ግን ጠመንጃውን በውሰት የጠራው ሕዝብ ቃታውን፣ ሰደፉንና ቀልሃውን ለይቶ ሰይሟል፤ እጅ የሚነካው ክፍል ሁሉ የየራሱ ስም ያስፈልገዋልና። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ግቤቶች ለውይይት ቀርበዋል።

ቀልሃ (ስም)፦ ባሩድን የሚይዝ፣ አረርንና መለኮሻን የሚያያይዝ የጥይት ቅርፊት። ተለዋጭ አጻጻፍ፦ ቀለሃ።

መለኮሻ (ስም)፦ በቀልሃ መቀመጫ ላይ ያለ፣ ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥል ክፍል።

መፈግፈጊያ (ስም)፦ በማንከባለያ ውስጥ ከቀልሃ ጋር ተጨምሮ እድፍን የሚያስለቅቅ ነገር።

ማለዘብ (ግሥ)፦ የቀልሃን አንገት በተወሰነ ሙቀት ጥንካሬውን መቀነስ፤ ከማድረቅ የተለየ።

የአሞንያ ስንጥቅ (ሐረግ)፦ ውጥረት ያለበት ናስ አሞንያ ሲነካው የሚደርስበት መሰንጠቅ።