ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

አውቶማቲክ መኪና አንድ ማርሽ ላይ ተቆልፎ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት በርቶበት ሲመጣ፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ፍርዱንም ይዞ ነው የሚመጣው፦ «ካምቢዮው ተበልቷል፤ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ይፈለግልኝ።» እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። የሚያስቸግረው ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ጠዋት ደህና ውሎ የእንጦጦን ዳገት ሲጨርስ ነው? ወይስ ሞተሩ በግፊት ውሃ ከታጠበ ወዲህ?

የመመርመሪያ ኮምፒውተር ሲገጠም ኮድ ይወጣል። ቶዮታ ኮሮላ ላይ ፒ0974 ከወጣ የአንዱ ማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት ቫልቭ) መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። መስመሩ ከመኪናው ኮምፒውተር ተነስቶ በሞተሩ ጎን ያልፋል፤ ካምቢዮው ላይ ባለው ሶኬት ገብቶ፣ ዘይት ውስጥ አልፎ ሶሌኖይዱ ጋ ይደርሳል፤ በካምቢዮው አካል በኩል ወደ ማሳ (ኔጌቲቭ) ይመለሳል። የትኛው ላይ እንደተቋረጠ ኮዱ አይናገርም። ኮድ አይቶ ብቻ ሶሌኖይድ የሚቀይር መካኒክ በባለቤቱ ብር ሎተሪ እየቆረጠ ነው።

ስለዚህ መስመሩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ቁልፉን አጥፍቼ፣ መጀመሪያ የመኪናውን ኮምፒውተር ሶኬት ነቅዬ ከኮምፒውተሩ በኩል፣ ቀጥሎ የካምቢዮውን ሶኬት ነቅዬ ከካምቢዮው በኩል በቴስተር እለካለሁ። ሶሌኖይዱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ11 እስከ 15 ኦም ማንበብ አለበት። ካምቢዮው ጋ 13 ተነቦ ኮምፒውተሩ ጋ ክፍት (የተቋረጠ) ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ነው፤ ካምቢዮው ምንም አላጠፋም። ሁለቱም ጋ ክፍት ከሆነ ችግሩ ውስጥ ነው። ያኔም ቢሆን በብዙ ሞዴሎች የታች ሽፋኑን መፍታት ይበቃል።

ጎበዝ የሚባሉ ልጆች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት ሙቀቱ ላይ ነው። ሶሌኖይዱ ውስጥ የተጠቀለለው መዳብ ኦሙ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀዝቅዞ 13 ያነበበ ሶሌኖይድ፣ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ 17 ቢያነብ ጤነኛ ነው፤ በዚህ ሰበብ የተጣለ ደህና ዕቃ ሞልቷል። ቀዝቅዞ 13 አንብቦ ሲሞቅ ድንገት የሚቋረጥም አለ። እሱን ለመያዝ መኪናውን ነድቶ፣ አሙቆ፣ ወዲያው መለካት ነው። እጅ ማቃጠሉ አይቀርም።

ሽቦም የራሱ ተንኮል አለው። ውስጡ ተበጣጥሶ አንዲት ክር ብቻ ብትቀረው ቴስተሩ «ደህና ነው» ይላል፤ ኦም ሲለካ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ያቺ ክር ትበቃዋለች። ሶሌኖይዱ ግን 1 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። እኔ የተጠረጠረውን ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ነቅዬ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል አበራበታለሁ፤ እያበራሁም በተለይ ባትሪው ሥር በሚያልፍበትና ብረት በሚነካበት ቦታ እያወዛወዝኩ እሄዳለሁ። አምፖሉ የደበዘዘበት ቦታ ሲላጥ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል።

እናንተ ባለመኪኖች፣ «ካምቢዮው ይውረድ» ስትባሉ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ከኮምፒውተሩ በኩል ስንት ኦም፣ ከካምቢዮው በኩል ስንት ኦም። ቁጥሩን የሚነግራችሁ ከሌለ አልተለካም ማለት ነው።