አንድ ምጣድ፣ ሁለት መጠጥ

በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥናችን ውስጥ አንድ ምድጃ ይለኮሳል። ስሙ የተጠራ አንድ ሰው ሽርጥ ታጥቆ ሽንኩርት ይከትፋል፤ ጋዜጠኛዋ አጠገቡ ቆማ «የእናትህ እጅ አይናፍቅህም?» ትለዋለች። እሱም ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ኧረ የእናቴ ሽሮ! እንደሱ ያለ የት ይገኛል!» ይላል። ከዚያ አሠራሩ ይነበብልናል። ይሄን ያህል ጭልፋ ዘይት፣ ይሄን ያህል ማንኪያ በርበሬ፣ በለስላሳ እሳት ይንተክተክ፣ ከጠላ ወይም ከጠጅ ጋር ይቅረብ። አጨብጭበን እንለያያለን።

እኔ በናፍቆቱ ቅሬታ የለኝም። የእናቱ ወጥ የማይናፍቀው ሰው ካለ እሱ ሌላ ሕመም አለበት። ቅሬታዬ ሌላ ነው። የምግብ ትዝታ እየተባለ የሚጻፈውና የሚተረከው ነገር አንዲት ጥያቄ እየዘለለ ያልፋል። ምን እንደተበላ ይነግረናል፤ ምን እንደተጠጣ ይነግረናል፤ እንዴት እንደተሠራም ይነግረናል። ለማን እንደተሠራ ግን አይነግረንም። ቢጠየቅም መልሱ «ለኔ ነዋ!» ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ስለ ምግብና ትዝታ ሲወራ በዓለም ላይ መጀመሪያ የሚጠራው ፈረንሳዊው ማርሴል ፕሩስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በታተመው የረጅም ልብ ወለዱ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ ተራኪው ማድሌን የምትባል ትንሽ ኬክ ሻይ ውስጥ ነክሮ ይቀምሳል፤ የአክስቱ ቤት፣ መንደሩና ልጅነቱ ከስኒው ውስጥ ብቅ ይሉለታል። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታበት ስዊድን ያደገው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንም እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ግለ ታሪኩ የእናቱን ፎቶግራፍ አይቶ እንደማያውቅ ይነግረናል። በፎቶግራፉ ፈንታ እናቱን የሚያስታውሰው በበርበሬ ነው። ይሄ አንጀት ይበላል። ቢሆንም በሁለቱም ትዝታ ውስጥ የሚቀምሰው አንድ ሰው ነው። አንድ ምላስ፣ አንድ ናፍቆት። እኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ተቀብለን ለራሳችን ገበታ ስናውለው ከገበታው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ይጠፋብናል።

ምን ለማለት እንደፈለግሁ በደጎሎ ላስረዳ። ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መሬቱ መረሬ ነው፤ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ምስርና ሽምብራ ያበቅላል። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቦረናና መካነ ሰላም ድረስ ብትዘልቁ የምታገኙት ያው ብርዱ አጥንት የሚሰብር ደጋ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከደቡብ ወሎ ሕዝብ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ሙስሊም፣ ሦስቱ ያህል ደግሞ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ፣ ከአንድ ምንጭ ውኃ እየቀዳ የሚኖር ሕዝብ ነው። እንዲህ ባለ አገር የደገሰች ሴት «ምን ልሥራ?» ከማለቷ በፊት «ማን ይመጣል?» ማለት አለባት።

እስቲ ገብሱን እንከተለው። ገብስ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ምጣድ ላይ ይታመሳል። ቆሎ ሲሆን አይወርድም፤ እዚያው ቆይቶ ቡና ሊመስል ምንም እስካይቀረው ይጠቁራል። እዚህ ድረስ መንገዱ አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ተፈጭቶ ጌሾና ብቅል ወደ ተጠነሰሰበት ጋን ይገባል፣ ድፍድፍ ሆኖ ይሰነብታል፣ ጠላ ይሆናል። ግማሹ ደግሞ ደቀቅ ተደርጎ በውኃ ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠለልና ስኳርና ጥቂት የዳቦ እርሾ ይጨመርበታል፤ ሌሊቱን ያድራል፤ ሊቀርብ ሲል እንደገና ስኳር ይነሰነስበታል። ይሄኛው ቀሪቦ ነው። መልኩ ጠላ፣ አረፋው ጠላ፣ የሚያሰክር ነገር ግን የሌለበት፣ ጠላ ለማይጠጣ ሰው የሚቀዳ መጠጥ። ከአንድ ምጣድ ሁለት መጠጥ ወጣ ማለት ነው። አንዱ ለክርስቲያኑ፣ ሌላው ለሙስሊሙ፤ ለሚጾመውም፣ ለሕፃኑም፣ «ጨጓራዬን» ለሚለውም።

የኛ ቤት የክርስቲያን ቤት ነበር። እናቴ ለዓመት በዓል ጠላ ስትጠነስስ የቀሪቦው እንስራ ጓዳ ውስጥ ለብቻው፣ ክዳኑ ታስሮ ይቀመጣል። ጌሾ የነካው ጣሳ ወደዚያ ዝር ቢል አገር ይያዝ ነበር። «ጌታዬ፣ ይሄን ጣሳ ወዲያ አርቁልኝ! ሰው ላስቀይም ነው እንዴ?» ትላለች። ሰው የምትላቸው ጎረቤቶቻችንን ነው። ከነሱ አንዷ በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ነበሩ፤ ቀሪቦውን አንድ ጊዜ ፉት ብለው «አንቺ፣ ዘንድሮ ስኳሩን ለማን ቆጥበሽ ነው?» ብለው ሲቀልዱባት እናቴ ስታፍርም ስትስቅም ትዝ ይለኛል። በሬ የሚታረድ ከሆነም ለሙስሊሞቹ እንግዶች ለብቻ በራሳቸው ሰው እጅ ይታረዳል፤ ድስቱ ሌላ፣ ጭልፋው ሌላ፣ ወጥ ሠሪዎቹም ሌሎች ናቸው። እነሱም ለልጃቸው ሠርግ ሲደግሱ ለኛ ያንኑ ያደርጋሉ። ይሄንን ማንም ውለታ ብሎ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ድግስ ማለት በቃ ይሄው ነው።

ሌላውንም ምግብ ብታዩት እንዲሁ ነው። ንፍሮን ውሰዱ። ስንዴና ሽምብራ ወይም ባቄላ ተቀቅሎ ለቅሶ ቤት የሚቀርበው ለምንድን ነው? ርካሽ ስለሆነና ለብዙ ሰው ስለሚበቃ ነው፤ ትክክል። ግን ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም። ጾመኛውም ይበላዋል፣ ያልጾመውም ይበላዋል፤ «ማን አረደው?» አያሰኝም። ገንፎንም ውሰዱ። የገብስ ዱቄት በፈላ ውኃ ላይ እየተነሰነሰ እንዳይጓጉል በማማሰያ ይገነፋል፣ መሐሉ ይጎደጎድና ቅቤና በርበሬ ይሞላል፣ ከጎኑ አጥሚት ይቀመጣል። ምግቡ የአራስ ነው፤ የሚበሉት ግን ለእንኳን ማርያም ማረችሽም፣ ለዱዓም የመጡት የሰፈር ሴቶች በሙሉ ናቸው።

ቡና ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ዛሬ ቡና የአገር ምልክታችን ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ድረስ ግን ብዙ ክርስቲያኖች «የእስላም መጠጥ» እያሉ ይርቁት ነበር። አንድን ጎረቤት ከሌላው የሚለየው አጥር የነበረ መጠጥ ነው እንግዲህ ዛሬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ጎረቤት ለጎረቤት የሚጠራራበት። መጠጥ ሰውን ይለያል፤ መጠጥ ሰውን ይሰበስባል። የትኛውን እንደሚያደርግ የሚወስነው ቀጂው ነው።

አሁን ወደ ትችቴ ልመለስ። በኛ አገር ይሄን ሁሉ «ወሎ ፍቅር ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንጠቀልለዋለን። ባህላዊ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጽፈዋል፣ ዘፋኙ ይዘፍነዋል፣ ባለሥልጣኑ በንግግሩ መክፈቻ ላይ ይደግመዋል። እንደ አየሩና እንደ አፈሩ ከላይ የተሰጠ ነገር አስመስለነዋል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይልም። በ1870 ዓ.ም. እዚያው ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጠሩት ጉባኤ ማግሥት የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገድዷል፤ እምቢ ያለው ተሰድዷል፣ ተዋግቷል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው ሰዎች ጎን ለጎን ቁጭ ብለው መብላት የቻሉት። እንግዲህ አብሮ መብላቱ በደም የተወረሰ ጠባይ ሳይሆን ሰዎች በየድግሱ የሠሩት ሥራ ነው ማለት ነው። ሥራውን የሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ምጣድ ፊት ጭስ የበላቸው ሴቶች ናቸው። እኛ ግን ሥራውን «ፍቅር» ብለን ሰየምነውና ሠራተኛዋን ረሳናት።

በ2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን መጋቢት 2 ቀን፣ በአንድ ሰኞ አብረው ገቡ። ስለ መከባበር ብዙ ንግግር ተደረገ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ያን ሰሞን በወሎ ደጋ ያለች አንዲት ባለቤት ለጾመኛ ልጇ የሽሮውን ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚያፈጥረው ጎረቤቷ የቀሪቦውን ሰዓት በልቧ አስልታ ስትይዝ፣ እሷን ንግግር አድርጊ ያላት የለም። የመከባበር ዕውቀቱ ያለው ግን እሷ ጋ ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ? ሴቶቹ ወደ ጭሱ ይመለሱ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለስላሳ በሳጥን መጥቶ ቀሪቦን ከድግሱ ሲያስወጣው እኔ ናፍቆት ይሰማኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ገብስ ስታምስ የምታድረው ሴት ግን እፎይታ ይሰማት ይሆናል። የሷ እፎይታ ከኔ ናፍቆት ይበልጣል። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ ባልትናውን ከእናቷ ትማር የነበረችው ልጅ ዛሬ እዚያ የለችም። ደቡብ ወሎ ሴት ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር በብዛት ከሚልኩት አካባቢዎች አንዱ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ አይተናል። ብዙዎቹ ሴቶች የሰው ቤት ወጥ ሲሠሩ የቆዩ ናቸው። ልጅቱ ከብሳ አሳምራ ትሠራለች፤ የእናቷን ቀሪቦ ግን የሚያስተምራት ሳታገኝ ሄዳ ተመለሰች። ይሄ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ከብሳውም ይጣፍጣል ብለን እናልፈው ነበር። የጠፋው ግን ለጎረቤት እንስራ ለይቶ የማስቀመጥ ልማድ ነው።

ስለዚህ ምጣዱ ራሱ ይመለስ አልልም። ለስላሳውም ይምጣ፤ ቀሪቦውም በጋዝ ይፈላ፤ ወንድ ልጅም ገብስ ማመስ ይልመድ፣ እጁ አይቆረጥም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የእናታችሁን ምግብ አሠራር ከአፏ ስትቀበሉ መጠኑንና እሳቱን ብቻ ጽፋችሁ አትነሱ። «ይሄንን ለማን ነበር የምትሠሪው? ይሄን የማይበላ ሲመጣስ ምን ታደርጊ ነበር?» ብላችሁም ጠይቋት። መልሱን ከበርበሬውና ከዘይቱ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት።

የቴሌቪዥን አዘጋጆችም ሽርጥ ያሠሩትን እንግዳ «የእናትህ እጅ አይናፍቅህም?» ብለው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ይጨምሩለት። «እናትህ ይሄን ስትሠራ ጎረቤታችሁ ምን ይጠጡ ነበር?» ቢያውቅ ደስ ይለናል። የማያውቅ ከሆነም እናቱ በሕይወት ካሉ ደውሎ ይጠይቅ፤ ፕሮግራሙ ይጠብቀዋል።