ካምሪ በኩዌት ፀሐይ ሲፈተን

ኩዌት ውስጥ በሐምሌ እኩለ ቀን ደጅ የዋለ መኪና በር ሲከፈት ግለቱ ፊት ይገርፋል። ከዋና ከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ሚትሪባ ጁላይ 21 ቀን 2016 የተለካው 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእስያ ከተመዘገቡት ሙቀቶች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በዚያ ላይ የአገሩ ሰው ጦዝ የሚለው አቧራ አለ፤ ሲነሳ ሰማዩን አልብሶ በማንኛውም ስንጥቅ ይገባል። የመኪና ሠሪ እጅ የሚለካው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ከሳልሚያ እስከ ጃህራ መንገዱን የሞላው ቶዮታ ካምሪም በዚህ ሚዛን ላይ ዓመታት ቆይቷል። እኔም ትውልድ በትውልድ የማየው በዚሁ ሚዛን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ በ1980 በጃፓን ሲወጣ መኪናው ሴሊካ ካምሪ ይባል ነበር፤ የሚነዳውም በኋላ ጎማዎቹ ነበር። ቁም ነገሩ የተጀመረው በ1982 ነው። ሞተሩ ወደ ጎን ዞሮ ተገጠመ፣ ጉልበቱም ወደ ፊት ጎማዎች ሄደ። ከወለሉ ሥር ወደ ኋላ የሚዘረጋው ረጅም ዘንግ ስለቀረ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው የእግር ቦታ ተረፈ። ካምሪ የቤተሰብ መኪና የሆነው ያን ጊዜ ነው እላለሁ።

በ1986 የመጣው ትውልድ ሦስት ኤስ ኤፍ ኢ የተባለ ባለ ሁለት ሊትር ሞተር ያዘ። ከዚህ ሞተር ውስጥ አንዲት ነገር አለች፤ ስለ እርሷ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ካምሻፍቶች ሁለት ናቸው፤ ቺንጋው የሚያዞረው ግን አንዱን ብቻ ነው። ሁለተኛው ዙሩን የሚቀበለው ከወንድሙ በጥርስ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተቀራርበው ይቀመጣሉ፣ የሞተሩ ራስ (ቴስታታው) ጠባብ ይሆናል። ይሁንና ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ጥቂት ክፍተት አይጠፋም፤ ክፍተት ካለ ደግሞ ድምፅ አለ። መሐንዲሶቹ አንዱን ባለጥርስ ክብ ለሁለት ከፍለው በመካከሉ ሞላ አስገቡ። ሞላው ግማሾቹን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፋቸው የጓደኛቸውን ጥርስ ከፊትም ከኋላም ይይዙታል፤ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ድምፁም ይሞታል። ለመካኒኩም አስበውለታል፦ ካምሻፍቱን ከማውረዱ በፊት ሁለቱን ግማሾች የሚያስርባት የአንድ ብሎን ቀዳዳ ትተዋል። ሞተሩን ገና ሲስሉ ከዓመታት በኋላ የሚፈታውን ሰው እጅ አይተው ነበር ማለት ነው።

በ1991 ሰፊው ካምሪ መጣ። የጃፓን ሕግ ከ1,700 ሚሊሜትር በላይ የሚሰፋውን መኪና ከፍ ያለ ቀረጥ ያስከፍለው ስለነበር ቶዮታ ለአገሩ ጠባቡን ይዞ ቆይቶ፣ ለውጭ ገበያ 1,770 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ሠራ። ከሌክሰስ ኢኤስ 300 ጋር አንድ አካል የሚጋራ መኪና ነው። የበሩን ላስቲክ እዩ፦ አንድ መስመር ይበቃ ነበር፤ እነርሱ ግን ሦስት አደረጉት። ነፋስና አቧራ አንዱን ቢያልፍ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ቢያልፍ ሦስተኛው ይመልሰዋል። የመንገድ ጩኸት እንዳይገባም ቆርቆሮው ላይ ድምፅ የሚውጥ ሬንጅ ለበስ ንጣፍ አኖሩበት። ገዢው ይህን ሁሉ በዓይኑ አያየውም፤ በሩ ሲዘጋ ግን ይሰማዋል።

ከዚያ በ1996 የተከተለው ወጪ ለመቀነስ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ብዙም አያቆየኝም። ያው ዓመት ግን ለኩዌት ሌላ ትርጉም አለው። በሜልበርን አልቶና የነበረው የቶዮታ ፋብሪካ ለመካከለኛው ምሥራቅ ካምሪ መላክ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሰባተኛውን የቀለበት መንገድ የተመላለሱ ብዙ ካምሪዎች የአውስትራሊያ ሠራተኞች የእጅ ሥራ ናቸው። እነዚያ ሠራተኞች ኦክቶበር 3 ቀን 2017 የመጨረሻውን መኪና አስወጥተው ፋብሪካው ተዘጋ።

በ2001 የገባው የ2.4 ሊትር ሞተር ብሎኩ አሉሚኒየም ሲሆን ቺንጋው በሰንሰለት ተተካ፤ ይህ መሻሻል ነው። ጉድለቱን ግን መደበቅ አይገባም። ቴስታታውን የሚይዙት ብሎኖች አሉሚኒየሙ ላይ የያዙበት ጥርስ በአንዳንዶቹ ሞተሮች እየተበላ ይላላል፤ በሞተሩ ጀርባም የራዲያተር ውሃ ይፈሳል። ቀዝቃዛ አገር ላይ ይህ ቀስ ብሎ የሚመጣ ችግር ሊሆን ይችላል። ኩዌት ውስጥ ግን ውሃ የጎደለው ሞተር ፋታ አያገኝም።

በመካከል ያሉትን ትውልዶች ልዝለልና፣ በ2017 የመጣው እንደ አዲስ ከመሠረቱ ተሠራ። ኮፈኑ 40 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ አለ፤ ሾፌሩም ከፊቱ ያለውን መንገድ አየ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በ1982 2,600 ሚሊሜትር ነበር፤ አሁን 2,825 ደረሰ። ከተጨመረው 22 ሴንቲሜትር ተኩል የኋላው ወንበርም ድርሻውን አግኝቷል። እኔ ደስ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ኩዌት ያሉ እህቶቻችን ብዙዎቹ ይህን መኪና የሚያውቁት ከኋላ ወንበሩ ነው፤ የአሠሪያቸውን ልጆች ትምህርት ቤት ሲያደርሱ፣ ዓርብ ዕረፍት ሲያገኙ በታክሲ ሲሄዱ። መሐንዲስ ለኋላ ወንበር ሲጨነቅ ለእነርሱም እየተጨነቀ ነው።

ፍርዴን ልናገር፦ በሥራ ጥራት የ1991ዱን የሚያህል ካምሪ ከዚያ በኋላ አልተሠራም፤ በአነዳድ ደግሞ የ2017ቱ ይበልጣል።

ሹዌይኽ ወርዳችሁ ያገለገለ ካምሪ የምትገዙ ወገኖች ሆይ፣ የኪሎሜትሩን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት አራቱንም በሮች ከፍታችሁ ላስቲኩን በጣታችሁ ዳብሱ። ሞተሩ 2.4 ከሆነ በባትሪ ብርሃን ጀርባውን ፈትሹና የደረቀ የራዲያተር ውሃ ምልክት ካያችሁ ተዉት። መኪናው ለባሕረ ሰላጤው ሙቀት የተሠራ ኸሊጂ እንጂ ከአሜሪካ የመጣ ዋሪድ አለመሆኑንም ከወረቀቱ ላይ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ።