ብርሃን ወለል ላይ አይለካም

«ጋሼ፣ ለሎቢ ስንት ሉክስ ይያዝ?» ይህን የጠየቀኝ የሆቴል እድሳት ሥራ ገና የጀመረ ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ቁጥር ጠብቆ ነበር፤ እኔ ግን «የት ላይ?» አልኩት።

ሙግቴ እዚሁ ላይ ነው። ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው፤ ስሌቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለወለል ወይም ለጠረጴዛ ነው። ከበር የገባ እንግዳ ግን ወለል አያይም። የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳና የሚቀበለውን ሰው ፊት ነው። ኮርኒሱን በስፖት ላይት ወንፊት ሲያደርጉት ኮምፒውተሩ በቂ ነው ይላል፤ ወለሉ ይደምቃል፣ ግድግዳው ይጨልማል፣ የሰው ዐይን ሥር ጥላ ይወድቃል። ባለቤቱ «ጨለመብኝ» ሲል አምፖል ይጨመራል። ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ ወለሉ በደመቀ ቁጥር ግድግዳው ለዐይን ይበልጥ ይጠቁራል። መለኪያውን በሰው ፊት ቁመት ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻውን ብዙ ክርክር ይዘጋል።

አሜሪካዊው የመብራት ንድፍ ባለሙያ ሪቻርድ ኬሊ ብርሃንን በሦስት ይከፍለው ነበር፤ ዙሪያውን የሚሞላ፣ ዐይንን ወደ አንድ ነገር የሚጠራ፣ የሚያብለጨልጭ። ሻንደሊየር ሦስተኛው ነው። እኛ ዘንድ በጀቱ ሁሉ እሱ ላይ ያልቅና ለግድግዳው የሚተርፍ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቆየ ባለ ድንጋይ ሆቴል ሲታደስ፣ ተቋራጩ የሎቢውን ግድግዳ በጂፕሰም ሊሸፍነው ነበር። ኮርኒሱ ሳይዘጋ አንድ ማታ እንዲሰጠኝ ለመንኩ። እዚህ ከተማ ፀሐይ ከጠለቀች ለመጨለም ጊዜ አይፈጅም፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ጀምረን ነበር። መብራቱን ከግድግዳው አንድ ሜትር አርቄ ስይዘው ድንጋዩ ልሙጥ መሰለ። አንድ ስንዝር ያህል እስኪቀረው ሳስጠጋው የጠራቢዎቹ የመሮ ምት አንድ በአንድ ወጣ። ጂፕሰሙ ቀረ። በወረቀት ላይ ተከራክሬ አላሸንፍም ነበር።

በቀለምም ያው ነው። የአምፖሉ ካርቶን ላይ ሲአርአይ (ቀለም የመግለጥ መለኪያ) 80 የሚለው ቁጥር የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቅ ቀይ አልገባበትም። የጠይም ሰው ቆዳም ሆነ ዶሮ ወጡ ግን የሚያምረው በቀዩ ነው። ቀይን በማይገልጥ ኤልኢዲ ሥር ጠይም ፊት አመድማ ይሆናል። ስለዚህ አር 9 የሚባለውን የቀይ መለኪያ ለብቻው እጠይቃለሁ፤ ለምሽት ሎቢ ከ2700 ኬልቪን በላይ የነጣ ብርሃንም አልቀበልም።

ለምን እንዲህ እንደምሟገት አውቀዋለሁ። ያደግሁት በፋኖስ ነው። ፋኖስ ወለል አያደምቅም፤ ከጎን፣ በተቀመጠ ሰው ፊት ቁመት ያበራል። ቤታችን ጨለማው ብዙ ነበር፤ ቢሆንም ማን እንዳዘነ፣ ማን እንደተደሰተ ከፊቱ እናነብ ነበር። ሆቴል የሚያድር ሰው ከቤቱ የራቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም ደክሞታል። የእኔ ሥራ የሚቀበለውን ሰው ፊት በደንብ እንዲያይ፣ የእሱም ፊት አምሮ እንዲታይለት ማድረግ ነው። ሻንደሊየሩ ገንዘብ ከተረፈ ይገዛል።