የቱርቦ ሲ የስክሪንና የሥዕል ትእዛዞች ከማስተማሪያነት አንጻር ሲመዘኑ

ሲ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በራሱ ስክሪን የሚባል ነገር አያውቅም። ቋንቋው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪዎች ሲዘጋጅ ዴኒስ ሪቺና ባልደረቦቹ ይጠቀሙበት የነበረው መሣሪያ ፊደሉን በወረቀት ጥቅል ላይ የሚመታ ቴሌታይፕ ነበር። ስለሆነም የፕሮግራም ውጤት ፊደል በፊደል እየተከታተለ የሚወጣ፣ ወደ ኋላም የማይመለስ ጅረት ተደርጎ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የአሜሪካ የደረጃ ሰነድም ቢሆን ስለ ቀለምም ሆነ ስለ ሥዕል የደነገገው አንድም ትእዛዝ የለም።

ቦርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ ያቀረበው ቱርቦ ሲ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በወጡት ዕትሞቹ ይህንን ክፍተት ለመሙላት ሞክሯል። ኮኒዮና ግራፊክስ በተባሉ ሁለት ሄደር ፋይሎች አማካይነት ስክሪን የሚያጸዱ፣ ጠቋሚውን ወደ ተፈለገው ቦታ የሚወስዱ፣ መስመርና ክበብ የሚሥሉ ትእዛዞች ለተጠቃሚው ቀረቡ። እነዚህ ትእዛዞች በተለይ በሕንድ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ማሽኖቹ ካረጁ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲሰጡ ቆይተዋል። የመማሪያ መጻሕፍትም ተከትለው ተስፋፍተዋል።

በትእዛዞቹ ላይ ዘወትር የሚሰነዘረው ነቀፋ ከቋንቋው ደረጃ ውጭ መሆናቸው ነው። ተማሪው ሌላ ኮምፓይለር ሲገጥመው የተማረው አብዛኛው ትእዛዝ አይሠራለትም። ነቀፋው እውነት ነው፤ ሆኖም ዋናው ጉድለት በዚህ አቅራቢ አስተያየት ሌላ ነው። ትእዛዞቹ ለሙያተኛ ጊዜ ለመቆጠብ የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ ለተማሪው እጅግ የሚጠቅመውን ነገር ከዓይኑ ሰወሩበት።

ይህንን ለመረዳት የዚያን ዘመን ማሽን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተርና በአምሳያዎቹ ላይ የቀለም ጽሑፍ ገጽ በ80 ዓምድና በ25 ረድፍ የተከፈለ ነበር። እያንዳንዱ ሣጥን በሜሞሪ ውስጥ ሁለት ባይት አለው፤ አንዱ የፊደሉን ቁጥር፣ ሌላው ቀለሙን ይይዛል። መላው ገጽ 4,000 ባይት ሲሆን የሚጀምረውም ከአድራሻ 753,664 ነው። ከዜሮ ጀምረን ብንቆጥር፣ ረድፍ 10 ዓምድ 20 ላይ ያለውን ሣጥን ለማግኘት 10ን በ80 አባዝተን 20 እንደምራለን፤ ድምሩንም በ2 ስናባዛ 1,640 እናገኛለን። ተማሪው ከገጹ መጀመሪያ በዚህ ርቀት ላይ 65፣ በሚቀጥለው ባይት ደግሞ 30 ቢጽፍ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ የላቲን ኤ ወዲያውኑ ብቅ ይላል። ሠላሳው የመጣው ሰማያዊው 1 በ16 ተባዝቶ ቢጫው 14 ሲደመርበት ነው። ብዙ ተማሪዎችን የሚያስጨንቀው የፖይንተር ትምህርት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘም፤ አድራሻው በቁጥር ይታወቃል፣ ውጤቱም በዓይን ይታያል። ጠቋሚ አንቀሳቃሹን ትእዛዝ ብቻ የተማረ ግን ዓምድ ከረድፍ እንደሚቀድምና ቆጠራው ከአንድ እንደሚጀምር ከመሸምደድ አያልፍም።

የሥዕሉም ነገር ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣው ቪጂኤ 320 በ200 ነጥብ በ256 ቀለም የሚያሳይበት አሠራር ነበረው። አንድ ነጥብ አንድ ባይት ስለሆነ ገጹ በጠቅላላ 64,000 ባይት ነው። የነጥቡ ቦታ የሚገኘው ቁመቱን በ320 አባዝቶ አግድሙን በመደመር ነው። ተማሪው ይህንን ይዞ በሒሳብ ክፍል የተማረውን የክበብ ቀመር ቢጠቀም የሚያገኘው ክበብ ሳይሆን ወደ ላይ የረዘመ እንቁላል ነው። ምክንያቱም የስክሪኑ ወርድና ቁመት የ4 ለ3 ምጣኔ ሲኖራቸው ነጥቦቹ ግን 320 በ200 ናቸው፤ ስለዚህ የአንዱ ነጥብ ቁመት ከወርዱ በአንድ አምስተኛ ይበልጣል። ቁመቱ በ5 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል እንቁላሉ ክበብ ይሆናል። በ640 በ480 ግን ነጥቡ እኩል ጎን ስላለው ማረሚያ አያሻውም። የቱርቦ ሲ የክበብ ትእዛዝ ይህንን ሁሉ በውስጡ አስተካክሎ የተቃና ክበብ ያቀርባል። ጥያቄው ሳይነሳ መልሱ ቀረበ ማለት ነው፤ ከሒሳብ መምህሩም አንድ ጥሩ ክፍለ ጊዜ ተወሰደበት።

ይሁንና ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን፣ ስብስቡ የሚመሰገንበትም ቦታ አለ። በ640 በ480 በ16 ቀለም አሠራር የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በአራት ንጣፎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ አራቱም ንጣፎች በአንድ አድራሻ ይደራረባሉ። ይህንን ለጀማሪ ማስተማር ጊዜ ማባከን በመሆኑ በዚህ ላይ የተዘጋጀ ትእዛዝ መጠቀሙ ተገቢ ነው። በአንጻሩ ሥዕል አስጀማሪው ትእዛዝ የሾፌር ፋይሉን ማውጫ በፕሮግራሙ ውስጥ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ፋይሉ በሌላ ማሽን ላይ በሌላ ማውጫ ከተቀመጠ ሥዕሉ አይነሳም፤ የላቦራቶሪው ሰዓትም ፋይል ፍለጋ ላይ ያልቃል።

ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። በጽሑፍ ገጹ ላይ አንድ ፊደል የሚወከለው በአንድ ባይት ስለነበረ ከ256 በላይ ቅርጽ በተለመደው አሠራር አይስተናገድም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ለላቲን ፊደል ቦታ አይተርፍም። ስለሆነም አማርኛን ከላቲን ጋር በአንድ ገጽ ላይ ለማሳየት ወይ 512 ቅርጾችን የሚቀበለውን የኢጂኤና የቪጂኤ አሠራር መጠቀም፣ ወይም እያንዳንዱን ፊደል በሥዕል ገጽ ላይ በነጥብ መሣል የግድ ነበር። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ስለዚህ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ይህ ርእስ የሚቆይ ከሆነ፣ የትእዛዞቹ ዝርዝር ተቀንሶ ሰዓቱ ለሜሞሪው ቢሰጥ ይበጃል። የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ተራ ፕሮግራም የስክሪኑን ሜሞሪ በቀጥታ እንዲነካ ስለማይፈቅዱ ዶስቦክስን የመሰለ አስመሳይ ፕሮግራም ያስፈልጋል። በዚህም ጊዜ የምጣኔ ማስተካከያው መብራቱን መምህሩ አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ካልበራ እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍል ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ደብተር ይበቃል። ተማሪው 8 በ8 ሣጥን አስምሮ «ሀ»ን ያጥቁር። በእያንዳንዱ ረድፍ ሣጥኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 የሚል ዋጋ ይሰጣቸው፤ የጠቆሩትም ይደመሩ። ሁለቱ እግሮች የቆሙባቸው ሰባቱ ረድፎች እያንዳንዳቸው 130፣ የታችኛው መጋጠሚያ ደግሞ 124 ይሆናል። ከዚያ «ሁ»ን ለማግኘት የትኞቹ ረድፎች መለወጥ እንዳለባቸው ይጠየቅ።