ስለ ጣሃ ሑሴን መጽሐፍ የተሰጠው የዐቃቤ ሕግ ውሳኔ፤ አጭር ሐተታ

በዚህ ሐተታ የምመረምረው መጽሐፍን ሳይሆን ስለ አንድ መጽሐፍ የተሰጠውን ውሳኔ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1926 ዓ.ም. በካይሮ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር ጣሃ ሑሴን «ስለ ጃሂሊያ ግጥም» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከእስልምና በፊት የተገጠመ ነው እየተባለ የሚጠናው ግጥም አብዛኛው ከእስልምና በኋላ የተፈጠረ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ነገሩ በግጥም ላይ ቢቆም ኖሮ ክርክሩ በመምህራን መካከል በቀረ ነበር። ነገር ግን ደራሲው፥ ኦሪትና ቁርዓን ስለ አብርሃምና ስለ እስማኤል መናገራቸው ብቻውን ሁለቱ በታሪክ ለመኖራቸው በቂ ማስረጃ አይሆንም የሚል አሳብ ጨመሩበት። ስለዚህ አንድ የአዝሃር ተማሪ፥ ቀጥሎ የአዝሃር ሼክ፥ በኋላም አንድ የፓርላማ አባል ከሰሷቸው። ክሱን የመረመሩት የዐቃቤ ሕግ ሹም ሙሐመድ ኑር በማርች 1927 ዓ.ም. መዝገቡን ዘጉት።

ውሳኔው በሁለት ነገር ይመሰገናል። አንደኛ፥ ሹሙ መጽሐፉን አንብበዋል፤ የተከሰሰውን ቃል ከገባበት ቦታ ሳይነጥሉ መርምረው ደራሲውንም ጠይቀዋል። ሁለተኛ፥ ስሕተትን ከወንጀል ለይተዋል። ደራሲው «ይሆናል» ብለው የጀመሩትን ግምት በቂ ማስረጃ ሳያቀርቡ እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርገው መጨረሳቸውን አጥብቀው ነቅፈዋል። ሆኖም ቃሉ የተጻፈው በምርምር መካከል እንጂ ሃይማኖትን ለመድፈር ታስቦ አይደለምና የወንጀል አሳብ የለበትም አሉ።

ጉድለቱም ያለው በዚሁ ላይ ይመስለኛል። ነፃነቱ የቆመው በደራሲው ልብ አሳብ ላይ ከሆነ፥ ያንኑ ቃል ዶክተር ሲጽፈው ምርምር፥ ያልተማረ ሰው በገበያ ሲናገረው ወይም ቀልደኛ ሲያሾፍበት ወንጀል ሊሆን ነው። የ1923ቱ የግብጽ ሕገ መንግሥት የአሳብን ነፃነት ቢሰጥም በሕግ ወሰን ውስጥ ነበር፤ ወሰኑን የሚያሰፋውና የሚያጠበው ግን በወንበሩ የተቀመጠው ሰው ሆነ። ከዚህም በላይ መዝገቡ መዘጋቱ መጽሐፉን አላዳነውም፤ በ1927 ዓ.ም. ስሙ ተለውጦ፥ ያ ምዕራፍም ወጥቶለት እንደገና ታተመ።

«የሕዝብ እምነት ሲነካ ዝም ይባላልን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔ ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው፤ አብርሃም የእኔም ሃይማኖት አባት ስለ ሆነ ያን አሳብ መጀመሪያ ሳነበው ከፍቶኛል። ስለዚህ በካይሮ የተቈጡትን አላዋቂዎች ናቸው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን መከፋቴ መልስ የመስጠት መብት ይሰጠኛል እንጂ የሌላውን አፍ የመዝጋት መብት አይሰጠኝም። የግብጽ ሊቃውንትም መልስ አላጡም። ሙስጠፋ ሳዲቅ አል ራፊዒ፥ እንዲሁም በ1952 ዓ.ም. የአዝሃር ሼክ የሆኑት ሙሐመድ አል ኺድር ሑሴን፥ ደራሲውን የሚቃወሙ ሙሉ መጻሕፍት ጻፉ። ለእስልምና የቆመለት ይህ መልስ ነው እንጂ ክሱ አይደለም፤ ዛሬ ነገሩን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሁለቱንም ወገን አንብቦ ይፈርዳልና።

መንገዱ ሲለወጥ የሚሆነውን ያችው ከተማ አሳይታለች። ሃይማኖታዊ መንግሥትን ይቃወሙ የነበሩት እስላሙ ጸሐፊ ፈረጅ ፎዳ በጃንዩዋሪ 1992 ዓ.ም. በካይሮ የመጻሕፍት ትርዒት በሕዝብ ፊት ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ተከራከሩ። በዚያው ዓመት በጁን ወር በጥይት ተገደሉ። የገዳዮቹ ጥይት አንዱንም ነጥባቸውን አላፈረሰም፤ ክርክሩን ግን አቋረጠው።

እንግዲህ የሙሐመድ ኑር ውሳኔ ጉድለት ቢኖርበትም ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ትምህርት ትቶልናል፤ ይኸውም የምንጠላውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ፥ ደካማውን ነጥብ በግልጽ መንቀፍ፥ ደራሲውን ግን በሰላም ወደ ቤቱ መስደድ ነው።