«የልጆች ወዳጅ»፤ ስለ ሺሚዙ ሴይፉ የመጫወቻ ሥዕሎች

በኤዶ ከተማ በካንዳ ሰፈር የተወለደው ሺሚዙ ሴይፉ (እ.ኤ.አ. 1851-1913) ቤተ ሰቡ ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደር ሰው ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን «ኡናይ ኖ ቶሞ» ማለት «የልጆች ወዳጅ» የተባለው የሥዕል መጽሐፉ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1891 ታተመ፤ ከዐሥሩ ክፍሎች ስድስቱን እርሱ፥ የቀሩትን አራቱን ኒሺዛዋ ቴኪሆ ሥለዋቸው በ1924 ተፈጸመ። ሥዕሎቹም በእንጨት ላይ እየተቀረጹ በልዩ ልዩ ቀለም የታተሙ ናቸው።

የመጽሐፉን ዋጋ ለመረዳት ዘመኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ከ1868 በኋላ ጃፓን የምዕራብን ጥበብ በፍጥነት ስትቀበል፥ ከሸክላ፥ ከእንጨትና ከወረቀት በየአውራጃው የሚሠራውን መጫወቻ በፋብሪካ የተሠራው ይፎካከረው ጀመር። ሴይፉ ይህን ርካሽ ዕቃ ሳይንቅ፥ ለመኳንንት ሥዕል በሚገባው ጥንቃቄ ሣለው፤ የተገኘበትንም አገር ጻፈ። ይህ ብቻውን ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለ። ገጹን ስንገልጥ መጫወቻው አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ወረቀት ላይ ብቻውን ቆሞ እናገኘዋለን፤ የሚጫወትበት ልጅም፥ የሠራው እጅም አይታይም። ስለ መጫወቻ ሲነገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአይዙ አገር ወረቀት እየተደራረበ የምትሠራው ቀይ ላም ራሷ በክር የተንጠለጠለ ስለ ሆነ ሲነኳት ትነቀነቃለች፤ ቀይ ቀለሟም ፈንጣጣን ያርቃል ተብሎ ይታመን ነበር። በናሩኮ በቶርኖ የምትሠራው «ኮኬሺ» የተባለች የእንጨት አሻንጉሊት ደግሞ ራሷን ሲያዞሩት ሲጥ ሲጥ ትላለች። ንቅናቄውና ድምፁ ከተወሰደ የሚቀረው መልክ ብቻ ነው። የአይዙዋ ላም በ1961 በጃፓን የአዲስ ዓመት ቴምብር ላይ ወጥታለች፤ በቴምብር ብቻ የሚያውቃት ሰው ግን ራሷን እንደምትነቀንቅ ከየት ያውቃል?

ሥዕል ድምፅ አያሰማምና ሠዓሊውን በዚህ መውቀስ አይገባም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ስምና አገር ለመጻፍ ቦታ ያላጣ ብርዕ «ይነቀነቃል» ብሎ ለመጨመር ቦታ አያጣም። ሴይፉ የተመለከተው በሰብሳቢ ዓይን ነው፤ ሰብሳቢ ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ ያቆመዋል፥ ልጅ ግን ይጥለዋል፥ ያነሣዋል፥ ይሰብረዋል።

ቢሆንም ይህ ጉድለት መጽሐፉን ከንቱ አያደርገውም፤ በቸልታ ሊጠፋ ይችል የነበረውን መልክ አቆይቶልናል። ዛሬ ደብተር ይዞ ወደ ገጠር ለሚወጣ ተማሪ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የዕቃውን ቅርጽና አገር ከጻፈ በኋላ፥ ማን እንደ ሠራውና በልጅ እጅ ምን እንደሚያደርግ ሳይጽፍ ደብተሩን አይዝጋ።